ያልተወለደው ልዑል

ሁለት ሰዎች በሌሊት ቤተ መንግሥት ውስጥ ይሹለከለካሉ። አንዱ ግዙፍ ነው፤ የከተማ ዘብ ነው። ሌላው አይጥ አጥማጅ ነው፤ ሥራው የግቢውን ጓዳ ጎድጓዳ ሁሉ በእጁ መዳፍ ላይ እንዳለ መስመር አስጠንቶታል። ውሻው ከኋላው ይከተላል። ሊገድሉት የመጡትን ሰው አላገኙም። ያገኙት ንግሥት ሄሌናን ነው። መንታ ልጆቿ ተኝተዋል፤ አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት። በደብዛዛው ብርሃን ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ወንዱ የትኛው እንደሆነ እንድትነግራቸው ያስጨንቋታል። የአንገት ሐብሏን ልትሰጣቸው ትሞክራለች፤ አልፈለጉም። በመጨረሻ እጇን ዘርግታ ትጠቁማለች። ግድያውን አናይም፤ እንሰማዋለን። ቢላዋ አጥንት ጋ ሲደርስ የሚያወጣው ድምፅ ነው። ሄሌና ሴት ልጇን ታቅፋ፣ እንደ ቅዠት እየተራመደች ትወጣለች።

ይህን ያየሁት ከአክስቴ ልጅ ጋር ነው፤ ላፕቶፑን የሶፋው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን። እኔ ትንፋሼን ውጬ ተቀምጫለሁ። እሷ መጽሐፉን ቀድማ አንብባዋለች፤ በስልኳ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ። ሄሌና ኮሪደሩን ስታቋርጥ ወደ እኔ ዞር አለችና፣ «ሦስተኛውስ የት ሄደ?» አለችኝ።

ሦስተኛ ልጅ መኖሩን እንኳ አላውቅም ነበር።

ትዕይንቱ የኤችቢኦው «ሀውስ ኦፍ ዘ ድራገን» ሁለተኛ ሲዝን የመጀመሪያ ክፍል መዝጊያ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 16 ቀን 2024 ተላለፈ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። የጻፈው የድራማው ዋና አዘጋጅ ራያን ኮንዳል፣ ያዘጋጀው ዳይሬክተር አለን ቴይለር ነው። ሄሌናን የምትጫወተው ፊያ ሳባን ናት። መጽሐፉን ያላነበበ ተመልካች በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አጣ። ያነበበው ግን ተናደደ። ሁለቱም ያዩት አንድ ትዕይንት ነው።

መነሻው ጆርጅ አር. አር. ማርቲን በ2018 ያሳተመው «ፋየር ኤንድ ብለድ» ነው። መጽሐፉ ልብ ወለድ ቢሆንም የተጻፈው እንደ ዜና መዋዕል ነው። አንድ ምናባዊ ሊቅ የአንድ ሥርወ መንግሥትን ታሪክ ከተለያዩ ምስክሮች እየለቀመ ያቀናብራል፤ አንዱ ምስክር የሃይማኖት ሰው ነው፣ አንዱ የግቢ ሊቅ ነው፣ አንዱ ደግሞ ማንንም የማይምር የቤተ መንግሥት አስቂኝ ነው። የአንዱ ወሬ ከሌላው አይገጥምም። እኛ የነገሥታት ዜና መዋዕል ያለን ሰዎች ይህን ዓይነት ጽሑፍ እናውቀዋለን፤ ንጉሡ የት እንደዋለ ይነግሩናል፣ ልቡ ውስጥ ምን እንደነበረ ግን የሚያውቅ የለም። የድራማው አዘጋጆች ይህን ክፍተት እንደ ፈቃድ ወስደውታል።

በመጽሐፉ ሄሌና ሦስት ልጆች አሏት። ስድስት ዓመት የሆናቸው መንትዮች ጄሄሪስና ጄሄራ፣ እና ሁለት ዓመት የሆነው ሜይሎር። ማታ ማታ ከመተኛታቸው በፊት አያታቸውን አሊሰንትን እንዲስሙ ትወስዳቸዋለች። ገዳዮቹ ይህን ያውቃሉ። ቀድመው ገብተው አሊሰንትን አስረው፣ አፏን ለጉመው ይጠብቃሉ። እናትየዋ ልጆቿን ይዛ ስትገባ በሩ ይዘጋል። የመጡት አንድ ወንድ ልጅ ሊገድሉ ነው፤ የትኛው እንደሚሞት ግን እሷ ትምረጥ። እኔን ግደሉኝ ብላ ትለምናቸዋለች። አይሆንም፤ የፈለጉት ወንድ ልጅ ነው። ካልቸኮለች በሴቷ ልጅ ላይ የሚደርሰውን ይነግሯታል። ሄሌና ትንሹን፣ ሜይሎርን ትጠራለች። ምናልባት ሕፃኑ ገና ነገር አይገባውም ብላ ይሆናል፤ ምናልባትም ትልቁ አልጋ ወራሽ ስለሆነ። ጸሐፊው ሁለቱንም ግምት ያስቀምጥና ያልፋል።

አይጥ አጥማጁ ወደ ሕፃኑ ጎንበስ ብሎ እናቱ እንዲሞት እንደፈለገች ይነግረዋል። ከዚያ ትልቁን ይገድሉታል።

መጽሐፉ ውስጥ ያለው ጭካኔ ሰይፉ ላይ አይደለም። ከዚያ ሌሊት በኋላ ሄሌና ሊሞት ሰጥታው በሕይወት የቀረውን ልጅ በየቀኑ ማየት አለባት። ማየት ያቅታታል። አትበላም፣ አትታጠብም፣ ከክፍሏ አትወጣም። ሜይሎር በሕይወት ያለ ዕዳዋ ነው።

በድራማው ይህ ዕዳ የለም። ሄሌና ከወንድ ልጅና ከሴት ልጅ መሃል ወንዱን ጠቆመች፤ የፈለጉት ወንዱን ስለሆነ ሌላ ምርጫ አልነበራትም። ደረሰባት እንጂ አላደረገችም። ከመጽሐፍ ወደ ቴሌቪዥን የሚዞር ታሪክ ሲነሳ ሰዉ የሚጨቃጨቀው «ለመጽሐፉ ታምኗል ወይስ አልታመነም» በሚል ነው፤ እኔ ይህን ጥያቄ ብዙም አልወደውም። ታማኝነት የጋብቻ ነገር ነው። የሚሻለኝ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ትዕይንቱ ሲቀየር ዕዳው ማን ላይ ወደቀ?

ሜይሎር ለምን ቀረ? ምክንያቱ ከጥበብ ይልቅ ወደ ሒሳብ ክፍል ይቀርባል። የሁለት ዓመት ልጅ ቀረጻ ቦታ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ያሳደገ ሁሉ ያውቃል። ያለቅሳል፣ ይተኛል፣ ካሜራውን ያያል፣ ድገም ሲሉት አይደግምም። ድራማው በሚቀረጽበት እንግሊዝ ደግሞ ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ሕፃን ለመቅረጽ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ጠባቂ ያስፈልጋል፣ በቀን ካሜራ ፊት የሚቆይበት ሰዓት በጣም አጭር ነው። ብዙ አዘጋጆች እየተቀያየሩ እንዲሠሩላቸው መንትዮች ፈልገው የሚቀጥሩት ለዚህ ነው። እንግዲህ ሦስት ሕፃናት፣ በሌሊት፣ በደም ትዕይንት ውስጥ! ማርቲን ራሱ በኋላ እንደጻፈው፣ ኮንዳል የነገረው ምክንያት ይኸው ነው፤ ተጨማሪ ሕፃን ማለት መዘግየት ነው፣ መዘግየት ማለት ገንዘብ ነው። የመጀመሪያው ሲዝን ለአንድ ክፍል 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደወጣበት ተዘግቧል። ሁለተኛው ሲዝን ከአሥር ክፍል ወደ ስምንት ወርዷል። ዘንዶ የሚያበር ገንዘብ ለሕፃን ማጠሩ ያስቃል፤ ግን እውነት ነው።

ማርቲን ይህን ሒሳብ የማያውቅ ሰው አይደለም። በ1980ዎቹ አጋማሽ ለ«ዘ ትዋይላይት ዞን» ይጽፍ ነበር፤ ያኔ እሱ ራሱ የሰው ድርሰት ቆራጭ ነበር። የጓደኛውን የሮጀር ዘላዝኒን አጭር ልብ ወለድ ወደ ስክሪፕት ሲመልስ ሁለት ነገር አስፈለገው፤ የስቶንሄንጅ ጥንታዊ ድንጋዮችና ፈረሶች። የቀረጻ ወጪ የሚቆጣጠረው ሰው አንዱን ምረጥ አለው። ወይ ድንጋዩ ወይ ፈረሱ፤ ሁለቱን የሚችል በጀት የለም። ማርቲን ስልክ አነሳና ለዘላዝኒ ደወለ። ድርሰቱ ያንተ ነው፣ የቱ ይቅር? ዘላዝኒ ድንጋዩ ይቆይ አለ። ባላባቶቹ በእግራቸው ተዋጉ።

ይህችን ታሪክ ማርቲን ደጋግሞ ይናገራታል። እኔን የምትስበኝ የስልኩ ጥሪ ናት።

ለዓመታት ስክሪፕትህ ረዘመ፣ ወጪህ በዛ ሲባል ከርሞ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ ልብ ወለድ ተመለሰ፤ እዚያ ጦር ሠራዊቱን የሚቆጥርበት ሒሳብ ሹም የለም። የረጅሙ ተከታታይ ድርሰቱ የመጀመሪያው ቅጽ «ኤ ጌም ኦፍ ትሮንስ» በ1996 ታተመ። መቶ ገጸ ባሕርይ፣ ሰባት መንግሥታት፣ ማንም ሊቀርጸው የማይችል እንዲሆን አድርጎ የጻፈው መጽሐፍ። በ2006 ዴቪድ ቤኒኦፍና ዲ.ቢ. ዋይስ የሚባሉ ሁለት ወጣት ጸሐፊዎች ሎስ አንጀለስ ምግብ ቤት ውስጥ አብረውት ተቀመጡና እንቀርጸዋለን አሉት። ማርቲን አንድ ጥያቄ ጠየቃቸው፤ የዲቃላው የጆን ስኖው እናት ማን ናት? መጽሐፉ በግልጽ አልተናገረም፤ በጥንቃቄ ያነበበ ብቻ ይደርስበታል። መለሱ። የሙከራው ክፍል በ2009 ተቀርጾ አብዛኛው እንደገና ተሠራ፤ በ2011 «ጌም ኦፍ ትሮንስ» አየር ላይ ዋለ።

መቀየር ሁሉ ማበላሸት እንዳልሆነ የሚያሳየው ትዕይንት እዚያው የመጀመሪያው ሲዝን ላይ አለ። አምስተኛው ክፍል ላይ ንጉሥ ሮበርትና ንግሥት ሰርሴይ ብቻቸውን ተቀምጠው ወይን እየጠጡ ስለ ትዳራቸው ያወራሉ። ይጠላላሉ፤ ግን አሥራ ሰባት ዓመት አብሮ የኖረ ሰው የሚጠላላውን ያህል ነው፤ መሃል ላይ ይሳሳቃሉም። ይህ ንግግር መጽሐፉ ውስጥ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ማርቲን እያንዳንዱን ምዕራፍ በአንድ ሰው ስም ሰይሞ በዚያ ሰው ዓይን ብቻ ነው የሚተርከው። በመጀመሪያው ቅጽ፣ ከመግቢያው በቀር፣ እነዚህ ዓይኖች ስምንት ናቸው፤ ሮበርትም ሰርሴይም ከስምንቱ ውስጥ የሉም። በር ላይ ቆሞ የሚያዳምጥ ስለሌለ አንባቢ እዚያ ክፍል መግባት አይችልም። ካሜራ ግን ማንንም ሳያስፈቅድ ይገባል።

ይህ ትዕይንት እንዴት ተወለደ? ከድህነት። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ሲቀረጹ አጥረው ተገኙ፤ መሙያ አስፈለገ፤ ለጦርነት ገንዘብ አልነበረም። ሁለት ተዋናይ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ጠርሙስ ወይን፤ ከዚህ የረከሰ ቀረጻ የለም። በዚያው ሲዝን የሰርሴይ ወንድም ቲሪየን ጦርነቱ ሳይጀመር በገዛ ወገኖቹ መዶሻ ተመትቶ ራሱን ይስትና ሲነቃ ሁሉ አልቆ ያገኘዋል። መጽሐፉ ውስጥ ሲዋጋ ነው የምናየው። ተመልካች ሳቀ፤ ሒሳብ ሹሙም ሳይስቅ አልቀረም።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። በ2014 አራተኛው ሲዝን ላይ የሰርሴይ ወንድምና ፍቅረኛ ጄሚ በሞተው ልጃቸው አስከሬን አጠገብ ያስገድዳታል። መጽሐፉ ውስጥ ትዕይንቱ በጄሚ ዓይን ነው የሚታየው፤ ከረጅም ምርኮ ተመልሶ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያገኛት በዚያች ሰዓት ነው፤ እሷም መጀመሪያ እምቢ ብላ በኋላ ትቀበለዋለች። ድራማው ጄሚን ቀደም ብሎ ወደ ከተማው ስላመጣው የመገናኘቱ ናፍቆት ተነነ፤ የቀረው እምቢታዋ ብቻ ነው። ዳይሬክተሩ መጨረሻው ላይ ፈቃዷ አለበት አለ። እስክሪኑ ላይ ግን የለም። የባሰው ቀጥሎ የመጣው ነው፤ በሚቀጥለው ክፍል ጄሚ ያው ተወዳጁ ጄሚ ነው። አንድም ሰው አላነሳውም። ከባድ ዕዳ ፈጠሩና ተከፋይም ባለዕዳም ሳያስቀምጡ ሄዱ።

በሜይ 2015 ደግሞ ወጣቷ ሳንሳ በሠርጓ ሌሊት የምትደፈርበት ትዕይንት መጣ። መጽሐፉ ውስጥ ሳንሳ በዚያ ጊዜ ሌላ አገር ናት። ጨካኙን ራምዚን የምታገባው ጄን ፑል የምትባል የልጅነት ጓደኛዋ ናት፤ የሳንሳ እኅት አርያ ናት ተብላ በውሸት ስም የተዳረች ምስኪን። ለድራማው አዘጋጆች ሒሳቡ ግልጽ ነበር፤ ተመልካች የማያውቃትን ልጅ በአምስተኛው ሲዝን ከማስገባት ሁሉም የሚያውቃትን ማምጣት ይሻላል። ሳንሳ በጄን ቦታ ተተካች። ቁጣው ከተመልካች ቤት አልፎ አንዲት የአሜሪካ ሴናተር፣ ክሌር ማካስኪል፣ ከእንግዲህ አላየውም ብላ በአደባባይ እስከ መናገር ደረሰ።

ያኔ ብዙ የተወቀሰው ካሜራው በወሳኙ ሰዓት ከሳንሳ ዞሮ ቆሞ በሚያየው በራምዚ ምርኮኛ በቲኦን ፊት ላይ መቅረቱ ነው። የእሷ ሕመም በእሱ እንባ ተነገረ ተባለ። ልክ ነው፤ ግን አንድ ነገር ይጨመርበት። መጽሐፉም ያንን ሌሊት የሚያሳየን በቲኦን ዓይን ነው! አዘጋጆቹ ዓይኑን ሳይነኩ የምትታየውን ሴት ብቻ ቀየሩ። ጄንን ከውስጧ አናውቃትም፤ በሌላ ሰው ዓይን ብናያት የሚጎድልብን የለም። ሳንሳን ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ በራሷ ዓይን ስናይ የከረምን ነን። በክፉ ሰዓቷ ዓይኗን ነጠቋት። በእኔ ግምት ሰዉ ምክንያቱን በደንብ ሳያውቀው የተቆጣው ለዚህ ነው።

በዚያ ቁጣ መሃል ማርቲን በግል ድረ ገጹ አንድ የቆየ ጥያቄ አንስቶ ነበር፤ ስካርሌት ኦሃራ ስንት ልጆች አሏት? በማርጋሬት ሚቸል የ1936 ልብ ወለድ ሦስት፣ በ1939ኙ ፊልም አንድ፣ በእውነቱ ዓለም ደግሞ ኖራ ስለማታውቅ ምንም። መጽሐፉ መጽሐፍ ነው፣ ፊልሙ ፊልም ነው ለማለት ነው። ስካርሌትን ነቢይ መኮንን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ ከተረጎመው «ነገም ሌላ ቀን ነው» ለሚያውቃት የእኛ አንባቢ ሦስቱ ልጆች እንግዳ አይደሉም። ማርቲን ምሳሌውን ሲያመጣ ሰው ለማረጋጋት ነበር። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ እሱ ራሱ አንድ የጎደለ ሕፃን ሲቆጥር ይገኛል።

«ጌም ኦፍ ትሮንስ» በ2019 በ73ኛው ክፍል ሲያልቅ መጽሐፉ ገና አላለቀም፤ እስካሁንም አላለቀም። በመጨረሻው ሲዝን ከሚሊዮን በላይ ሰው እንደገና ይሠራልን ብሎ ፈረመ። ያኔ ግን ጭቅጭቁ ሌላ ነበር፤ የሚያነጻጽሩበት ገጽ እንኳ የለም።

በ«ሀውስ ኦፍ ዘ ድራገን» ግን ገጹ አለ፣ ታትሟል፣ መጨረሻው ይታወቃል። ማርቲን በሜይ 2024፣ ሁለተኛው ሲዝን ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት፣ የሰውን ድርሰት የራሳቸው ለማድረግ የሚነሱ አዘጋጆች ከሺህ 999 ጊዜ ያበላሹታል ብሎ ጻፈ፤ ስም አልጠራም። በሴፕቴምበር 4 ግን ጠራ። ትዕይንቱ በደንብ ተጽፏል፣ በደንብ ተተውኗል፣ የመጽሐፉ ግን ይበልጣል አለ። ኮንዳል ሜይሎርን ለማውጣት ሲያማክረው ተከራክሮ እንደነበረ፣ ሕፃኑ ሦስተኛው ሲዝን ላይ ይወለዳል ስለተባለ እንደለዘበ፣ በኋላ ያም እንደቀረ ተረከ። ጽሑፉ በዚያው ቀን ከድረ ገጹ ጠፋ። ኤችቢኦ መጽሐፍ ወደ እስክሪን ሲመጣ ዋናው አዘጋጅ ከባድ ምርጫ ማድረጉ ግድ ነው የሚል መግለጫ አውጥቶ ከኮንዳል ጎን ቆመ።

የማርቲን መከራከሪያ የቢራቢሮ ነው፤ አንዷን ብትረግጣት ሩቅ አገር ዝናብ ይቀራል። በመጽሐፉ ሜይሎር በኋላ አንድ ታማኝ ዘበኛ ደብቆ ይዞት ሲሸሽ ቢተርብሪጅ በተባለች ከተማ ሕዝብ እጅ ይወድቅና ይሞታል። ለእሱ ሞት ከተማዋ በዘንዶ ትቃጠላለች። ሄሌና ራሷን ከመስኮት የምትጥለው ከዚያ በኋላ ነው፤ የእሷ ሞት ደግሞ የዋና ከተማዋን ሕዝብ ለአመጽ ያነሳሳል። ሁለት ዓመት የሞላው፣ ንግግር የሌለው አንድ ልጅ ሲነሳ ይህ ሁሉ ሌላ ምክንያት ይፈለግለታል።

ለአዘጋጆቹም የሚገባቸውን ልስጥ። ዕዳውን አልጣሉትም፤ አዛውረውታል። በድራማው ገዳዮቹ የሄሌናን ክፍል ሲያገኙ ዘብ የለም፤ የክብር ዘቡ አለቃ ክሪስተን ኮል አሊሰንት አልጋ ላይ ነው። ሄሌና ልጇን ታቅፋ የምትገባው እነሱ ላይ ነው። በመጽሐፉ ታስራ የተመለከተችው አያት እዚህ ጥፋተኛ ሆነች። መጥፎ ሐሳብ አይደለም፤ እንዲያውም የኦሊቪያ ኩክ አሊሰንት ከዚያ በኋላ የምትሸከመው ነገር በሲዝኑ ውስጥ ከማረኩኝ አንዱ ነው። ገዳዮቹን በላከው በዴመን ላይ ግን ቀለል አደረጉለት፤ በመጽሐፉ የልጅ ዋጋ ልጅ ነው ያለው ሰው፣ እዚህ የላካቸው የሄሌናን ወንድም፣ ጎልማሳውን ኤመንድን፣ እንዲገድሉ ነው። ካላገኙትስ ሲባል ካሜራው መልሱን ሳያሰማን ይቆርጣል።

ሦስተኛው ክፍል ላይ አሊሰንት ወደ ልጇ ክፍል ትመጣለች። ሄሌና ብዙ አታወራም፤ እናቷን ይቅር እንዳለቻት ትነግራታለች። አሊሰንት መልስ ታጣለች። እኔ ቪዲዮውን አቁሜ፣ ይሄ ከመጽሐፉ ይሻላል አልኩ።

የአክስቴ ልጅ ቡናዋን እያማሰለች ዝም ብላ ቆየች። «በመጽሐፉ» አለችኝ፣ «ይቅር የምትለው ሰው የላትም እኮ። ይቅርታ የምትጠይቀው ነው ያላት። እሱ ደግሞ ሁለት ዓመቱ ነው።»